ሩብ ዙር

ትንሹ ከሐሙስ ጀምሮ ሦስት ዓረፍተ ነገር በአፉ ይዞ ይዞራል። አንደኛው «ጋሼ፣ ደክመሃል» የሚል ነው። ሁለተኛው «እኔ እያለሁ አንተ ለምን ትለፋለህ» ነው። ሦስተኛው ግን አልጨበጥ አለው፤ ጥርሱን ሲቦርሽ «ቤት አረፍ በል» ይሆናል፣ ታክሲ ውስጥ ሲቀመጥ «ቁልፎቹን ለኔ ተውልኝ» ይሆናል፣ የጋራዡን በር ሲከፍት ደግሞ ጭራሽ ይጠፋዋል። ሠላሳ አራት ዓመት ከአንድ ሰው ጋር አንድ የመኪና ኮፈን ሥር አጎንብሰህ ኖረህ፣ ያንን ሰው «በቃህ» በለው ቢሉህ አንተም ይጠፋሃል።

ትንሹ ስሙ አይደለም። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጸጉሩ ገብስማ ሆኗል፣ ጉልበቱ ሲቀመጥም ሲነሳም ይንቋቋል። ግን ጋራዡን ከታላቅ ወንድሙ ጋር የከፈተ ሰሞን ደንበኞች አንዱን ትልቁ፣ አንዱን ትንሹ ብለው ለዩዋቸውና በዚያው ቀረ። ትልቁ ዘንድሮ ስድሳ ሰባት ሞልቶታል። ትንሹ «ጋሼ» ነው የሚለው፤ ሲቆጣው እንኳ «ጋሼ» ብሎ ነው የሚቆጣው።

ነገሩ የጀመረው ከአሥራ አራት ወር በፊት ነው። ትልቁ ጎማ ያሰረለት አንድ መኪና ከጋራዡ ወጥቶ ሩቅ ሳይሄድ ይንገጫገጭ ጀመር። ሾፌሩ ወርዶ ቢያይ ብሎኖቹ በጣት ይዞራሉ። እንደ ዕድል ሆኖ ማንም አልተጎዳም። ትልቁ ሄዶ አያቸው፣ አንድም ቃል ሳይተነፍስ አጠበቃቸው፣ ተመለሰ። ትንሹም ምንም አላለም። በዚያን ቀን ግን ሥራ ሲያልቅ ትልቁ ኮቱን ለብሶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ትንሹ ሰበብ ፈልጎ ቀረ፤ ጋራዡ ውስጥ በሚያድሩት መኪኖች ላይ ወንድሙ ቀን የነካውን ብሎን ሁሉ እየዞረ ፈተሸ። በማግስቱም ቀረ። በሦስተኛው ቀንም።

መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ብሎኖች እጁ ላይ ተበጠሱ። «ጋሼ እጁ ልኩን ስቷል፤ አንዱን ያላላል፣ አንዱን አንቆ ይይዛል» አለ በሆዱ። ከዚያ በኋላ መበጠሱ ቀረና ሁሉም መላላት ጀመረ። ሁሉም፣ ሁልጊዜ፣ ሩብ ዙር ያህል። የብሎን ቁልፉን ያስገባል፣ ጫን ይላል፣ ብሎኑ ሩብ ዙር ይሄድና ቀጥ ይላል። ከዚያ ወዲህ አንድ እንኳ ያልላላ አላገኘም።

ቀን የራሱን ሥራ ይሠራል፣ በዓይኑ ደግሞ የወንድሙን እጅ ሲከተል ይውላል፤ ሥራ ሲያልቅ አርባ ደቂቃ፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ብሎን ያጠብቃል። ቤቱ ሲደርስ እራት ላይ ያንቀላፋል። እንቅልፉ ውስጥም ብሎን ነው። በመጨረሻ ከሁለት ሳምንት በፊት ለእትዬ፣ ለትልቁ ሚስት፣ የሆዱን ዘረገፈላት። እሷም የፈራችው ነገር ነበርና ቶሎ አመነችው፤ ሻይ ሲይዝ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ካየች ሰነባብታለች። «እኔን እንደሆነ አይሰማኝም። አንተ ንገረው። ቅዳሜ፣ ሥራው ቀለል ሲል» አለችው። ዛሬ እንግዲህ ቅዳሜ ነው።

ሥራው ግን ቀለል አላለም። ከማለዳው ጀምሮ የተማሪዎች ሚኒባስ መሃል ወለሉ ላይ ቆሟል። ሾፌሩ የመሥሪያ ቤት አለቃ ይመስል እጁን ኋላ አጣምሮ ይንጎራደዳል። ይህን ሰው ጡሩምባ ይሉታል፤ መኪናው ጡሩምባ ስላለው ሳይሆን የእሱ ጩኸት ስለሚበቃው ነው። «ሰኞ ጠዋት አሥራ አራት ልጅ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል» ይላል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ይደግመዋል። ሚኒባሱ ውሃ ይጨርሳል፣ ነጭ ጭስ ያወጣል። የሞተሩ ክዳን፣ መካኒኮች ቴስታታ የሚሉት፣ መነሳት አለበት፤ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሏል። ትልቁ አዲሱን ሊገዛ ወጥቷል።

እዚህ ጋራዥ ውስጥ ከሁለቱ ወንድማማቾች በቀር ማንም ልብ የማይለው አንድ ልማድ አለ። ከመኪና ላይ ፈሳሽ ሲወጣ መሪው ላይ ቀይ ጨርቅ ይንጠለጠላል፤ ለወጣው ነገር ሁሉ አንድ ቋጠሮ ይቋጠርበታል። ራዲያተሩ ሲፈስ አንድ። ከብሎኩ፣ ማለትም ከሞተሩ ዋና አካል ውስጥ ያለው ውሃ በጎኑ ካለችው ማፍሰሻ ሲወጣ ሁለት። ዘይቱ ሲወጣ ሦስት። አንዱ የጀመረውን ሌላው ሲቀጥል «ምን ሠራህ፣ ምን ቀረህ» አይባባሉም፤ ጨርቁን አይቶ መቀጠል ነው። በሠላሳ አራት ዓመት ጨርቁ ዋሽቶ አያውቅም።

ትንሹ ራዲያተሩን ከፈተ። አረንጓዴው ውሃ ሳፋው ውስጥ መውረድ ሲጀምር በሾፌሩ ወንበር ላይ ቁጭ አለና ጨርቁን አንስቶ የመጀመሪያውን ቋጠሮ ቋጠረ። ያን ጊዜ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር መጣለት። «ጋሼ፣ አንተ ከዚህ በኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ እዘዘን።» እዘዘን? ማንን? እሱ ብቻውን አይደል ያለው? ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ እጁ በራሱ ጊዜ ሁለተኛውን ቋጠረች። ወርዶ የብሎኩን ማፍሰሻ ሊፈታ ነበር። ማፍሰሻዋ ከጭስ ማውጫው ጀርባ ናት፤ ለመድረስ ክንድን መላጥ ይጠይቃል። ሊወርድ እግሩን ሲያወጣ ስልኩ ጮኸ።

«ነገርከው?» አለች እትዬ።

«ገና ነው። ዕቃ ሊገዛ ወጥቷል።»

«በል እንግዲህ ሲመለስ ንገረው። ዛሬ ካልነገርከው እኔ ነኝ የማፈነዳው፤ ያኔ ደግሞ ካንተም ከኔም ይቀየማል።»

«እሺ እትዬ። እነግረዋለሁ አልኩሽ እኮ።»

ስልኩን ዘግቶ ሲመለስ ዓይኑ መሪው ላይ አረፈ። ሁለት ቋጠሮ። እሰይ፣ አልቋል አለና ብሎኖቹን ይፈታ ገባ።

ቴስታታው ከባድ ስለሆነ ጡሩምባን በአንድ በኩል አስያዘው። «በል፣ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ» አለው። አነሱት። ወዲያው አንድ ነገር ከውስጥ ግብ ግብ ግብ አለ፤ ጠርሙስ አፉን ተደፍቶ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። አረንጓዴው ውሃ ከቴስታታው ሆድ ተገለበጠና አራቱንም ሲሊንደር ሞላ። በየብሎኑ ጉድጓድ ገባ፣ ዘይት በሚመላለስበት ቀዳዳ አድርጎ ወደ ሞተሩ ሆድ ወረደ። ትንሹ ቴስታታውን እንደያዘ በቁሙ ደረቀ።

«አለቃ» አለ ጡሩምባ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እዚህ ውስጥም ውሃ ይገባል እንዴ?»

«አይገባም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?»

ቴስታታውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉት። የትንሹ ዓይን መሪው ላይ ወዳለው ጨርቅ ሄደ፤ ሁለተኛውን ቋጠሮ ቋጥሮ የብሎኩን ውሃ ሳያፈስ ቀርቷል። ይህን የሚያደርግ ልምምድ ላይ ያለ ልጅ ነው። እሱም ቢሆን በመጀመሪያው ሳምንት።

ትልቁ የገባው በዚህ መሃል ነው፤ ጓርኒሲዮኑን በካርቶኑ ብብቱ ሥር ይዟል። ሞተሩን አየ። ሾፌሩን አየ። ከዚያ ሄዶ በመስኮት እጁን አስገባና ሁለተኛዋን ቋጠሮ በጣቱ ዳበሳት። ትንሹ የሚመጣውን ስድብ ጠበቀ። ስድብ ቢመጣ ደስ ይለው ነበር።

«ሞተሪኖውን ነክታችኋል? ልታስነሱት ሞክራችኋል?» አለ ትልቁ።

«አልነካንም።»

«ሞተሩ አልዞረም?»

«ቅንጣት አልዞረም ጋሼ።»

«ተመስገን። ውሃው ከዘይቱ ጋር ካልተናጠ ይወጣል። ከተናጠ ነበር ወተት ሆኖ የሚያስለቅሰን።» ኮቱን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ። «አንተ ጡሩምባ፣ ነገ ጠዋት ና።»

«ጋሼ፣ ሰኞ እኮ አሥራ አራት ልጅ…»

«ነገ ነው ያልኩህ፤ ነገ ከሰኞ በፊት ነው። ሂድ።»

ሄደ። ሁለቱ ወንድማማቾች አጎንብሰው ውሃውን ማውጣት ጀመሩ፤ መጀመሪያ መርፌ በሌለው ትልቅ ሲሪንጅ እየሳቡ፣ ቀጥሎ በጨርቅ። ትልቁ እያንዳንዱን ሲሊንደር አድርቆ ግድግዳውን ዘይት ቀባው፣ ዝገት እንዳይቀድመው። ትንሹ ወዲያው ሞተሩ ሥር ተኝቶ የዘይቱን ማፍሰሻ ሊፈታ ሲል ትልቁ በእግሩ ጫማውን ነካ አደረገው።

«ተው፣ ይተኛ።»

«ምኑ?»

«ውሃው። ከዘይት ይከብድ የለ? አንድ ሰዓት ብትሰጠው ሥር ወርዶ ይተኛል፤ ያኔ ስትከፍትለት እሱ ቀድሞ ይወጣልሃል። አሁን ብትከፍተው ግማሹ ውስጥ ይቀራል። ና ቁጭ በል።»

ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ ከአሮጌ አውቶቡስ የተነቀለ ወንበር አላቸው። እሱ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ትልቁ ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳ። ብርጭቆው እጁ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ሻዩ ጠርዙን እየነካ ተመለሰ። ትንሹ አየ። ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም፤ ዛሬ ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ ሳለ ይህን ማንሳት ግን ያሳፍራል። ቢሆንም ለእትዬ ቃል ገብቷል። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር አወጣት።

«ጋሼ፣ ደክመሃል።»

ትልቁ ብርጭቆውን ከአፉ አነሳ። ቴስታታው የተነሳለትን ሞተር አየ፣ መሪው ላይ ያለውን ጨርቅ አየ፣ ወንድሙን አየ።

«ማን? እኔ?»

ትንሹ ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ከሻዩ ጋር ዋጣት። ሁለቱም ሻያቸውን ጠጡ። ትንሹ እንደተቀመጠ ዓይኑ ተከደነ። ምን ያህል እንደተኛ አያውቅም። ሲነቃ የትልቁ ኮት ጭኑ ላይ ተጥሎ ነበር፤ ትልቁ ደግሞ ሞተሩ ሥር ሳፋውን እያደላደለ ነው።

ማፍሰሻውን ቀስ ብለው፣ በጣት በጣት ፈቱት። መጀመሪያ አረንጓዴው መጣ፣ ንጹሕ ሆኖ። ወረደ፣ ወረደ፣ ቀጠነ። ከዚያ ጥቁሩ ዘይት እየተጎተተ ተከተለው። «ይኸው» አለ ትልቁ፣ ሦስተኛዋንም ቋጠሮ ሄዶ ቋጠረ። ቀጭን ዘይት ከላይ አፍስሰው ሞተሩን ውስጥ ለውስጥ አጠቡት፣ የዘይቱን ማጣሪያ ቀየሩ። ቀኑ እንደዚህ እያለ ተጋመሰ።

ቴስታታውን ከመመለሳቸው በፊት አሥሩ የብሎን ጉድጓዶች መድረቅ ነበረባቸው። እነዚህ ጉድጓዶች ታች መውጫ የላቸውም፤ ጠብታ ውሃ ውስጣቸው ቢቀር ብሎኑ ሲጠብቅ ውሃው መሄጃ ያጣና ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ትንሹ አንድ በአንድ በአየር ነፋቸው። «ጨርሻለሁ» አለ። ትልቁ ሽቦ ጫፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ጠምጥሞ እያንዳንዱ ውስጥ አስገብቶ አወጣ። ደረቅ፣ ደረቅ፣ ደረቅ። ከሰባተኛው ጨርቁ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ትልቁ ጨርቁን አሳየው።

ትንሹ አንገቱን ደፋ። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ። ይህን ያደረገው ጋሼ ቢሆን ኖሮ እሱ ምን ይል እንደነበር ያውቀዋል፤ ሄዶ ለእትዬ ይነግራት ነበር። «ሞተር ሊሰነጥቅ ነበር፣ ለጥቂት ነው የደረስኩበት» ይላት ነበር። አፈረ፣ ከልቡ አፈረ። ሰባተኛውን ደግሞ ነፋው።

ጓርኒሲዮኑ ተነጠፈ፣ ቴስታታው ተመለሰ። የዚህ ሞተር ብሎኖች ከላይ የሚታዩ ናቸው፣ እጅ ይደርስባቸዋል። ትልቁ ረጅሙን ቁልፍ አነሳ። ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር ነው የሚጠብቀው፤ መጀመሪያ ለስለስ፣ ቀጥሎ ጠበቅ፣ በመጨረሻ ልክ። ሻይ ላይ የተንቀጠቀጠው እጅ ቁልፉ ላይ ዝም አለ። ትንሹ ይህን ስንት ጊዜ አይቶት ይሆን፣ ልብ ያለው ግን ገና ዛሬ ነው። ትልቁ አሥረኛውን ብሎን በሦስተኛው ዙር ጨርሶ ቀና አለ፣ ወገቡን ያዘ።

«ዛሬ ሩቧን አልተውኩልህም» አለ።

«ምኗን?»

«ሩቧን ዙር። እኔ ስሄድ የምታጠብቃትን።»

ትንሹ የያዘው ጨርቅ ከእጁ ወደቀ።

«ታውቃለህ እንዴ?»

«ለምን አላውቅም? ጠዋት ስገባ ቁልፉን ከሰቀልኩበት ሚስማር ሌላ ላይ አገኘዋለሁ። ትናንት በሠራሁት ብሎን ራስ ላይ አዲስ ጭረት አያለሁ። አንድ ሰሞን ሁለት ብሎን በጠስክ፤ የተበጠሱትን ደግሞ እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ከታች ቀብረሃቸው አገኘሁ። የጠበቀን ብሎን ደግሞ ያጠበቀ ይበጥሰዋላ! አንተ ደግሞ ካልዞረልህ አትረካም፤ ከልጅነትህም እንደዚሁ ነህ። ምን ላድርግ? ሩብ ሩብ እያጎደልኩ ተውኩልህ።»

«አሥራ አራት ወር ሙሉ?»

«ዓመት ከሁለት ወር።»

«አንድ ቀን ባልቀርስ ኖሮ? ብታመምስ?»

«በክረምቱ ጉንፋን ይዞህ ሦስት ቀን የተኛህ ጊዜ ማን አጠበቀው? አንተ ወደ ቤትህ መሄድህን ሳላይ ቤቴ የገባሁበት ቀን የለም። ወጥቼ ማዶ ቆሜ ነው የማይህ።»

ትንሹ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እንባ መጣበት፣ በክንዱ አበሰው፤ ፊቱ ግራሶ ሆነ።

«ለምን አልነገርከኝም ጋሼ?»

«አንተስ?»

ትልቁ ይህን ያለው በቁጣ አይደለም። እሱም ደክሞታል። መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«የጎማው ጥፋት የኔ ነው፤ አልክድም» አለ። «ግማሹን አስሬ ስልክ ጠራኝ፤ ስመለስ የጨረስኩ መሰለኝ። ልክ ዛሬ አንተ ጨርቁን እንደቋጠርከው። ከዚያ ስትቀር ሳይህ፣ እሰይ አልኩ። ከኋላዬ የሚያይ ዓይን መኖሩን አልጠላሁም፤ ትንሽ ቆይቶ ይነግረኛል አልኩ። አልነገርከኝም። እኔም ላነሳው አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ እያየሁህ ከሳህ፣ ጠቆርክ። ዛሬ ቁጭ ባልክበት እንደ ሕፃን እንቅልፍ ሲጥልህ ሳይ፣ ምን ዓይነት ሰው ነኝ አልኩ።»

ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ከትንሹ አፍ ጠፉ። ለእትዬ የነገራት ሁሉ፣ እያንዳንዱ የላላ ብሎን፣ የወንድሙ ድካም ማስረጃ ብሎ የቆጠረው ሩብ ዙር ሁሉ፣ ለእሱ ተብሎ የተተወ ነበር።

ዘይትና አዲስ ውሃ ሞሉ፣ አስነሱት። ጭስ ማውጫው በመጀመሪያ ነጭ አመድ የመሰለ እንፋሎት ተፋ፤ ቆይቶ ጠራ። ሞተሩ ሞቅ ሲል ድምፁ ተስተካከለ። አጥፍተው ያንን ዘይት እንደገና አወጡትና ሌላ ሞሉበት፤ የቀረች ጠብታ ብትኖር ከእሱ ጋር ትውጣ ብለው። ትልቁ የራሱን ቋጠሮ ፈታ። እጁን ታጠበ፣ ኮቱን ለበሰ።

«በል። በጊዜ ግባ» አለና ወጣ። በሩ ላይ ዞር ብሎም አላየው።

ትንሹ ብቻውን ቀረ። የራሱን ሁለት ቋጠሮዎች ፈትቶ ቀዩን ጨርቅ አጣጥፎ ቦታው መለሰ። ከዚያ፣ ዓመት ከሁለት ወር እንደለመደው፣ ረጅሙን ቁልፍ አንስቶ የመጀመሪያው ብሎን ላይ አስገባው። ሰኞ አሥራ አራት ልጅ እዚህ መኪና ውስጥ ይቀመጣል። ክንዱ ለመጫን ተዘጋጀ። ቁልፉን ግን ሳይጫን አወጣው። ትልቁ ሰቅሎት ከሚሄድበት ሚስማር ላይ ሰቀለው። ስልኩ ጮኸ።

«እህ፣ ነገርከው?»

«አልነገርኩትም እትዬ። እሱ ነገረኝ።»

«ምን አለህ?»

«በጊዜ ግባ አለኝ።»

መብራቱን አጥፍቶ በሩን ቆለፈ። ውጭ ገና ፀሐይ አልገባችም ነበር። ማዶ፣ ከመንገዱ ባሻገር፣ ትልቁ ኮቱን ለብሶ ቆሟል።